የማዋለድ ትምህርት በጋራዥ ውስጥ

በቀይ ሽብር ዘመን ወንድሜን ፈልገው መጡ፤ ሲያጡት እኔን ወሰዱኝ። ያሰሩኝ ቦሌ፣ በአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው። የሞተር ዘይት በጠጣው ወለል ላይ አስራ ዘጠኝ ሴቶች በጎናችን ተደርድረን እንተኛ ነበር።

ነርስ ነበርኩ። ለገጠር ጤና ረዳቶች የማዋለድ መማሪያ ሁለት ዓመት ስጽፍ ቆይቼ ነበር፤ ሲይዙኝ ረቂቁን ከነፋይሉ ወሰዱት። መርማሪው ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ይሄ የምስጢር ቋንቋ ነው» አለኝ።

ቤቴ ሳለሁ የምሠራው በጠዋት፣ ብቻዬን ነበር። ሰው ከተነፈሰ አንድ መስመር አይወጣኝም። ጋራዡ ውስጥ ግን አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ትጸልያለች፣ አውሮፕላን በላያችን ያጓራል። የጻፍኩትን ላስታውስ ሦስት ሳምንት ታገልኩ፤ እምቢ አለኝ።

አጠገቤ የሚተኙት ሴት ጉርድ ሾላ ጠላ ይሸጡ የነበሩ ናቸው። እትዬ እንላቸው ነበር።

«ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ ይውላል። ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የወሰዱብኝን መጽሐፍ እያስታወስኩ ነው፤ ስለ ወሊድ።»

«ታዲያ ለራስሽ ምን ያደርግልሻል? ስድስት ወልጃለሁ፤ ለእኔ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። በየመሃሉ ያቋርጡኛል። «ደሙ አልቆም ቢልስ? ሳሙና የሌለበት አገርስ?» እየመለስኩ ሳለ የጠፋኝ ምዕራፍ መጣ፤ ያውም ከበፊቱ ቀሎ። ለካ ደህና አድርጌ የምሠራው ሰው ሲጠይቀኝ ኖሯል! ውሎ አድሮ ሁሉም ተማሪ ሆኑ፤ እያንዳንዷም የድርሻዋን በቃሏ ያዘች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚጠብቀን ወጣት አብዮት ጠባቂ በሩን በርግዶ ገባ።

«ስብሰባ ክልክል ነው! ምንድን ነው የምታሴሩት?»

ጠመንጃው ወደ እኔ ዞሯል። እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«እትብት የሚቆረጠው ትርታው ሲቆም ነው» አሉት፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ። «ምላጩ አስቀድሞ ይቀቀላል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!»

ሌላዋ ተነስታ ከቆሙበት ቀጠለች። ከዚያ ሦስተኛዋ። ልጁ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ወጣና ቆለፈብን። ለቅጣት ሁለት ቀን ስንቅ ከለከሉን። በሁለተኛው ቀን፣ በባዶ ሆዳችን፣ የመንታ ወሊድን ምዕራፍ ጨረስን።

እትዬ አንድ ማለዳ ስማቸው ተጠርቶ ወጡ። ወዴት እንደወሰዷቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከተፈታሁ በኋላ መጽሐፉን፣ ሴቶቹ ከጠየቁኝ ጥያቄዎች ጋር፣ እንደገና ጻፍኩት። አርታኢው «እነዚህ ጥያቄዎች ለመማሪያ መጽሐፍ አይመጥኑም፤ ይውጡ» አለኝ።

«አይወጡም» አልኩት። አልወጡም።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ሰሚት እኖራለሁ። አንድ ገጽ ስጽፍ ለጎረቤቶቼ አነብላቸዋለሁ። ያልገባቸው እንደሆነ ፊታቸው ላይ አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ላስተካክለው ብዕሬን አነሳለሁ።