ያመጣ ይቅመስ

ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ሆሳዕና ካለው ቤቴ ወስደው ጣቢያ ሲያስገቡኝ፣ ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ሰጥቶን ከግድግዳው ጋር የሚያወራ ሰው ነው። «መምህር፣ እሱን ተወው፣ አሞት ነው» አሉኝ እስረኞቹ። የአንጋጫ አናጢ ነው። እዚሁ ከተማ ለሥራ መጥቶ በሽታው ሲነሳበት የአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት በድንጋይ ሰብሮ ነው የታሰረው። መታመሙን አገር ያውቃል። ፍርድ ቤቱ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ሄዶ ይመርመር ብሎ ካዘዘ ቆይቷል። ፖሊስ በየቀጠሮው «መኪና የለም» ይላል፣ ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው!

እኅቱ ከአንጋጫ ስንቅ ይዛ የመጣች ቀን እኔም በር ላይ ምግቤን እየተቀበልኩ ነበር። ደንቡ ያመጣ ይቅመስ ነው፤ መርዝ እንዳይገባ። ከቆጮውም ከጎመኑም ቀመሰች። ቀጥላ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ክኒን ፈታች።

«ይሄንንም ቅመሺ» አላት ፖሊሱ።

«ወንድሜ፣ ይሄኮ የጭንቅላት መድኃኒት ነው። ሐኪም ለሱ ያዘዘው።»

«ምን ላድርግ እኅቴ፣ ደንብ ነው። ያመጣ ይቅመስ።»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይሄው ነው። ትንሽ አየችውና አንዱን በውኃ ዋጠች፣ አፏንም ከፍታ አሳየችው። የቀረው ገባ። እሷ ከሰዓት በኋላውን ከበሩ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተኝታ ዋለች፣ የአንጋጫ መኪናም አመለጣት።

መድኃኒቱን መዋጥ ሲጀምር ሰውየው ከግድግዳው ዞር ብሎ ስሜን ጠየቀኝ። እንቅልፍ አገኘ፣ እኛም አገኘን። ቀጠሮው ሲደርስ እኔና እሱን በአንድ ካቴና አስረው ችሎት አስገቡን። ሲጠራ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስሙን፣ አገሩን፣ ሥራውን አጥርቶ ተናገረ። ዐቃቤ ሕጉ «እንደሚታየው ተከሳሹ ጤነኛ ነው» አለ። ዳኛውም የምርመራውን ትእዛዝ አነሡት። ከድጡ ወደ ማጡ!

እኅቱ ከኋላ ብድግ ብላ «ክቡር ዳኛ፣ የተሻለው ስለዋጠ ነው! ያን ጊዜ አሞት ነበር!» ብትል፣ ችሎት አትረብሺ፣ ተቀመጪ ተባለች። በንዴት እጄን ሳወራጭ ካቴናው የሱንም እጅ ጎተተው።

ክፍላችን ስንመለስ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደኔ ዞረ።

«መምህር፣ ባልውጠው ያምኑኝ ይሆን?»

ሊያምኑት ይችላሉ። ሊደበድቡትም ይችላሉ።

«ይቅር» አለ። «እብድ ሆኜ ከምፈታ ሰው ሆኜ ልታሰር።» ዋጠው።

እኔ በዋስ ወጣሁ፣ እሱ ተፈረደበት። አሁን አሁን የአእምሮ ሕሙማን በፍርድ ቤት የሚያዙበት አሠራር ይሻሻላል ሲባል እሰማለሁ። ይሻሻል፣ ማን ይጠላል? በቀደም ግን እኅቱን መናኸሪያ አገኘኋት፤ ወደ ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዛ ስትሄድ።

«ዛሬውኑ ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«አይ መምህር፣ እዚሁ ዘመድ ቤት ነው የማድረው። ከዋጥኩ በኋላ እንቅልፉ አያስሄደኝም።»