ወደ እትዬ ብዙነሽ ቤት አጭሩ መንገድ

የነበርነው ስድስት ነን። ጋሽ መኩሪያ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች፣ አባ ኪዳነ ማርያም፣ የክፍል ጓደኛዬ ዮናታን፣ እኔ ሚካኤል፣ እና የቤቱ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ። ገና ከመነሻው ስም በስም የምጠራው፣ በዚያ ጠዋት ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደደረሰ የነገሩ ሁሉ ዋና ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሳምንት እድራችን ለጥቂት ሰዎች መልእክት ላከልን። «ቅዳሜ ጠዋት መርዶ አለ። መጀመሪያ ማደያው ጋ እንገናኝ። ሳንሟላ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይጠጋ።» ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ አንድ ልጅ «ለምን በቀጥታ እዚያው አንገናኝም?» ብሎ ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም። እኔም ጣቴ ስልኩ ላይ ቆይቶ ተወው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚህ ላስ ቬጋስ ይህን ማንም በጽሑፍ አያሳስብም ነበር። ማሳሰብ ያስፈለገው በእኔ ምክንያት ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ካዚኖ ጋራዥ ውስጥ የእንግዶች መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፤ እረፍት ሲኖረኝ ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ሒሳብ እማራለሁ። ኮሌጁ ግን የትምህርት ማስረጃ ስለሌለኝ ከታች ጀምር አለኝ። ያስገቡኝ ኮርስ ሒሳብን በዕለት ኑሮ እንዴት እንደምንጠቀምበት የሚያስተምር የክረምት ኮርስ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በየጠዋቱ። የምርጫ ድምፅ በስንት ዓይነት መንገድ ይቆጠራል፣ አንድ ሥራ በስንት ሰው በስንት ቀን ያልቃል፣ ፖስታ አመላላሽ በየት በኩል ቢዞር ቶሎ ይጨርሳል፣ ይህን የመሰለ ነው። መጀመሪያ ንቄው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወደድኩት። ወደ ሥራ ስሄድ የቀይ መብራቶቹን ቆይታ እየለካሁ መንገድ መቀያየር ጀመርኩ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት አበሾች ነበርን። ዮናታን እዚሁ የተወለደ ነው፤ አማርኛው ግማሽ ነው፣ ልቡ ግን ሙሉ። እትዬ ብዙነሽ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የሆቴል ልብስ ንጽሕና ክፍል ትሠራለች። የሕፃናት መምህርት ለመሆን የቀራት ይህ አንድ ኮርስ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምራው ሁለት ጊዜ አቋርጣዋለች። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ስላት «የክፍል ጓደኛህ ነኝ፤ አንቺ በለኝ» አለችኝ።

ከክፍል ስንወጣ ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ ካለች አንዲት የቬትናሞች ምግብ ቤት ገብተን እናጠና ነበር። የሰኔ ጾም ስለነበር ሥጋ የሌለበት ሾርባ አዘዝንላት። ማንኪያዋን አንሥታ አየችው።

«ይሄ ምንድነው? ሰፍነግ ቀቅለው ሰጡኝ?»

«ቶፉ ነው እትዬ። ፕሮቲን አለው» አለ ዮናታን።

«ፕሮቲኑን አንተው ውሰደው። እኔ ውኃውን ልጠጣ።»

እዚያ ቤት ነው ስለ ወንድሟ ያጫወተችን። ታምሩ ይባላል፤ ደሴ ነው የሚኖረው። እናታቸው ስትሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ አሥራ ሰባት። ዩኒፎርሟን አጥቦ በከሰል ካውያ እየተኮሰ ያስተማራት እሱ ነው። ሁልጊዜ እሑድ ስትደውልለት የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፦ «ስንተኛ ወጣሽ?»

«እዚህ አገር ደረጃ የለም እለዋለሁ» አለችን እየሳቀች። «ደረጃ ከሌለማ ምኑን ተማርሽው ይለኛል።»

የፈተናው ሳምንት ሊገባ ሲል፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ጋሽ መኩሪያ እኔንና ዮናታንን ሰዘርን ሃይላንድስ ወዳለው ቤታቸው ጠሩን። የእድሩ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። እትዬ ዘነበች የሐብሐብ ሳሕን አቀረቡልን፤ ማናችንም አልነካነው። ታምሩ ቅዳሜ አርፏል።

«ሐሙስ ፈተናዋ ነው አይደል?» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «እንግዲህ ትፈተን። ዓርብ ጠዋት እናረዳታለን። ደሴም ስልክ እንዳያነሱ ተነግሯቸዋል። እናንተ አፋችሁን ያዙ።»

«ባት... ግን ጋሽ፣ ወንድሟ እኮ ነው» አለ ዮናታን። «የማወቅ መብት አላት።»

«መብቷን ከፈተናው በኋላ ትወስደዋለች። አሁን ብትሰማ ለሦስተኛ ጊዜ ታቋርጣለች፤ ከዚያ ወዲያ አትመለስበትም። ሟቹስ ቢሆን ይህን ይወድላታል?»

ዮናታን ወደ እኔ ዞረ። እኔ የሐብሐቡን ሳሕን እያየሁ ነበር።

ሰኞ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። በላስቲክ ቆሎ ይዛ መጥታ በመካከላችን አስቀመጠችው። «ትናንት ታምሩ ስልክ አላነሣም» አለች። «ኔትወርክ ይሆናል» አልኳት። ማክሰኞም ያንኑ አልኩ፣ ረቡዕም። ሦስት ጊዜ ነው፤ በደንብ አስታውሳለሁ። በየመሐሉ ቆሎ እየቆረጠምኩ የፖስታ አመላላሹን ጥያቄ አስረዳት ነበር። ማስረዳት ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም፤ ያን ሰሞን ግን ዝም ካልኩ የምታውቅብኝ እየመሰለኝ ለፈለፍኩ። «አፍ አወጣህ እኮ አንተ!» እያለች ታሾፍብኛለች።

ሐሙስ ከፈተናው ክንዷን እያወናጨፈች ወጣች። «ፖስታውን ሠራሁት! ለታምሩ አንደኛ ወጣሁ ነው የምለው፤ ማን ያጣራብኛል?» ውጭው እንደ ምድጃ አፍ ይፋጃል። ዮናታን ቁልፍ የጠፋበት መስሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

የዓርቡን ጉዞ እንዳቅድ ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ነው። «ኮሌጅ የገባ ልጅ እያለ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ደስ አለኝ ብል አፍራለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስት መኪና ነው። እሳቸው ከባለቤታቸው ጋር ከሰዘርን ሃይላንድስ፣ ዮናታን ከከተማው ምሥራቅ አባን ይዞ፣ እኔ ከስፕሪንግ ማውንቴን አካባቢ። የምንደርሰው ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር፣ እሷ ቤት። የመንገድ ሥራዎችንና መብራቶችን ቼክ አድርጌ ለእያንዳንዱ መኪና ከሁሉ አጭሩን መንገድ አወጣሁ። ሁላችንም በዚህ አገር ሰዓት ከማለዳው አምስት ተኩል ላይ እንነሣለን፤ ማንም የትም ቆሞ ሌላውን አይጠብቅም። ለየሰዉ የራሱን መንገድ ብቻ በቴክስት ላክሁለት። ሠንጠረዡን በሙሉ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

መርዶ የሚገባው አንድ ላይ ነው። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አባቴ ሲሞት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በአንድ ጊዜ በሩን ሲሞሉት አይቻለሁ፤ ገና ከመግባታቸው እናቴን ግራና ቀኝ ይዘዋት ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ስንሠራ የከረምነው ፖስታ ነው። ፖስታ ቀድሞ ቢደርስ የሚደነግጥ የለም። ጥያቄው አብረው ይድረሱ አላለም፤ እኔም አልጨመርኩበትም።

መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑልኝ። በአሥራ ስድስት ደቂቃ ደረስኩ። ሰማዩ ከተራሮቹ በላይ ነጣ ብሏል፤ በየደጁ የቆሻሻ በርሜል ተደርድሯል። ከቤቷ ፊት ለፊት አቁሜ ሞተሩን ሳጠፋ፣ እትዬ ብዙነሽ በርሜሏን እየጎተተች ወጣች። አየችኝ። መደበቂያ ስለሌለኝ ከመኪናው ወረድኩ።

«ሚኪዬ! ምነው በማለዳው? ውጤት ወጣ እንዴ?» አለች። ቀጥላ ልብሴን አየች። «በሰኔ ጥቁር ኮት? ሰርግ አለብህ?»

ኮቴን ማውለቅ ጀመርኩ። ወዲያው የጋሽ መኩሪያ መኪና ታጠፈ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ገና በሩን ከፍተው እግራቸውን ሳያወርዱ እትዬ ብዙነሽ በርሜሉን ለቀቀችው።

«ታምሩ ነው?» አለችኝ። እነሱን አይደለም፣ እኔን።

«አባ ይምጡ» አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። «አባ እየመጡ ነው።»

ጋሽ መኩሪያ ደረሱ። «አይዞሽ ልጄ፣ እንግባ» አሏት። «መቼ?» አለች። ቅዳሜ አሏት። ቀኖቹን ወደ ኋላ የቆጠረች መሰለኝ።

«ሰኞ ቆሎዬን በልተሃል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጮኸች። ጎረቤቶች በር ከፍተው አዩ። አባ ኪዳነ ማርያምና ዮናታን እስኪደርሱ፣ እኔ ከደረስኩ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ፤ እኔ ራሴ ያወጣሁት መንገድ ስለሆነ አልተሳሳትኩም። አባ ሲደርሱ ለመናገር ያዘጋጁት ቃል ሁሉ ጊዜው አልፎበት፣ መስቀላቸውን ይዘው አስፋልቱ ላይ ቆሙ።

በሦስተኛው ቀን ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ ሞልቷል። ዮናታን በፈተናው ሰማንያ ስድስት ማግኘቷን ጆሮዋ ላይ ሹክ አላት። እሷም ድምፅዋን ሳትቀንስ «እሱ አፈር ለብሶ እኔ ፖስታ ሳዞር ነበር» አለች። አንዲት ሴት «ለአንቺው ብለው ነው» አለቻት። «አውቃለሁ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ዛሬ ሕፃናት ታስተምራለች። ጋሽ መኩሪያ ይህን እያነሡ «ትክክል ነበርን» ይላሉ፤ ምናልባት ልክ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ትስመኛለች፣ እናቴን ትጠይቀኛለች፤ ስለዚያ ሰሞን ግን አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ለብዙ ዓመት ጥፋቴ የሠንጠረዡ ነው ብዬ አምን ነበር። ስህተቱ ሊታረም የሚችል ስለነበር ተጽናናሁበት፤ ማደያ መጨመር ብቻ ነው። አሁን ግን ሁላችን በሰዓቱ አብረን ብንደርስም ኖሮ፣ የሰኞ፣ የማክሰኞና የረቡዕ መልሶቼ ያው ነበሩ እላለሁ። ለእነሱ ማደያ የለም።

የጻፍኩት በትክክል የማስታውሰውን ነው፤ ግን ጉድለት አለበት። ስለ ቆሎው ስትናገረኝ እኔ አቀርቅሬ መሬት አያለሁ። ፊቷን አላየሁም። በቁጣ ይሁን በመገረም፣ ወይስ እንዲሁ ለራሷ የተናገረችው፣ ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። ጋሽ መኩሪያ፣ እትዬ ዘነበች፣ እናንተ ፊት ለፊቷ ነበራችሁ። ዮናታን፣ አንተም ኋላ የሰማኸው ካለ ጨምርበት። እትዬ ብዙነሽም ይህ እጇ ከገባና ከፈቀደች፣ እሷው ትንገረኝ። ሌላውን ሰዓትና መንገድ ብሳሳት ግድ የለኝም፤ ያን ስትለኝ ፊቷ እንዴት እንደነበረ ብቻ ጻፉልኝ።