ለሰባ ሁለት ዓመት ሴት የመርከብ ኢንሹራንስ

ልጄ መርከብ ላይ ነው የምትሠራው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን "ዱባይ ናት" ብዬ እገላገላለሁ፤ መርከብ ካልኩ ማስረዳቱ ያደክመኛል። ጭነት የሚጭን መርከብ አይደለም። ሀብታሞች ለሽርሽር የሚሳፈሩበት፣ ባሕር ላይ የሚሄድ ሆቴል በሉት፤ እነሱ የተኙበትን አንሶላ የምታጥበውና የምትተኩሰው የእኔ ልጅ ናት። ከከሚሴ ከወጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ እንጂ በዓይኔ አላየኋትም። አንዱ ኮንትራት አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለውን እረፍት ዱባይ ሌላ ሥራ እየሠራች ታሳልፈዋለች። "ደህና ናችሁ አይደል? እንግዲያው በሚቀጥለው እመጣለሁ" ትላለች። እኛም ደህና ነን እንላለን።

ባለፈው ዓመት አንድ ጁምዓ እንደ ልማዷ ደወለችና ድምጿ ከወትሮው ፈጠን አለብኝ። መርከቡ ለሠራተኛ ወላጆች አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው የሰባት ቀን ጉዞ አለ፣ ተራው ደርሶኛል፣ ክፍሉን በቅናሽ ከፍዬበታለሁ አለች። "ከእናንተ የሚፈለገው ፓስፖርትና የጉዞ ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ ባሕር ላይ የሚሠራ ይሁን፤ ያለሱ አያሳፍሩም።"

ባለቤቴ ጨፋ ሮቢት እህል ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፤ ውሃ አይወድም። "ለእኔ የቦርከና ወንዝ ይበቃኛል፤ እሱም ክረምት ላይ አይታመንም። አንቺ ሂጂና ሰላም በይልኝ" አለ። ለመሄድ የቆረጥኩት ያኔውኑ ነው። ደስታው ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆየልኝም፤ ሲነጋ ፍርሃቱ ቀድሞኝ ተነስቶ ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ወይም ፓስፖርቴ እንደዚያ ይላል።

ኡምራ የሚሄዱትን የምታስተናግድ አንዲት ልጅ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከፋርማሲው ፎቅ ላይ ቢሮ አላት። አዲስ አበባ ተምራ የመጣች ናት፤ ጨዋ ናት፣ ቀልጣፋ ናት፣ ግን "ማዘር" ትለኛለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳይንስ አስተምሬ፣ ግማሽ ከሚሴን ፊደል አስቆጥሬ፣ በስተርጅና ማዘር ሆንኩ። ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

"ይሄኛው በጣም ርካሽ ነው ማዘር" አለች ኮምፒውተሯን እያየች። "ግን ሰባ ዓመት ላይ ያቆማል።"

አባቴ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግበኝ "ጎርፉ እህሉን የወሰደብን ጊዜ ነው የተወለደችው" ብሎ ነው፤ መዝጋቢው ቁመቴን አይቶ ዓመት ሰጠኝ። ይህንን ነገርኳት፤ ስድሳ ዘጠኝም ልሆን እችላለሁ አልኳት። ልጅቷ ፈገግ አለችና "እሱን ለፓስፖርቱ ይንገሩት" አለችኝ።

ሁለተኛው ዕድሜዬን ይቀበላል፣ ዋጋውም ደህና ነው። አውሮፕላን ላይ ይሸፍናል፣ ሆቴል ይሸፍናል፣ መርከብ ላይ የሚደርስብኝን ግን አይመለከተውም።

"ታዲያ እኔ የምሄደው የት ነው?" አልኳት። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው።

ሦስተኛው ባሕሩንም ይጨምራል። መርከቡ ላይ ያለው ሐኪም ቤት የሚያስከፍለውን ይከፍላል፤ ከባሰብኝ ሄሊኮፕተር መሀል ባሕር ድረስ መጥቶ አንስቶ ወደ የብስ ይወስደኛል፤ አላህ አያምጣውና ሬሳም አገር ቤት ይመልሳል። ዋጋው ከሁለቱ ይበልጣል፣ መርከቡ ራሱ ከሚሸጠው ግን ያንሳል። ለጡረተኛ ይከብዳል፤ የማይቻል ግን አይደለም። "እሱ ይሁን" አልኩ።

ልጅቷ ጥያቄዎቹን ከኮምፒውተሩ እያነበበች መሙላት ጀመረች። ስም፣ ፓስፖርት፣ አድራሻ፣ ዋስ የሚሆን ሰው። ዋስ ልጄ ናት። በመሀል ቀና ብላ በአክብሮት "ጤናዎስ እንዴት ነው ማዘር? የሚያስቸግርዎት ነገር አለ?" አለችኝ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል" አልኳት።

እሷም ነካ ነካ አድርጋ ቀጠለች። ከፍዬ፣ ፈርሜ፣ የታተመውን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ መነጽሬን አድርጌ እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ ማንበብ ያዝኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። "ነባር ሕመም፦ የለም። በቋሚነት የሚወሰድ መድኃኒት፦ የለም" ይላል። ሥሩ ላይ በደቃቃ ፊደል፣ ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ውሉ ፈርሶ ወጪው ሁሉ በታማሚው፣ ታማሚው ካልቻለ በዋሱ ላይ ይሆናል ይላል።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለአረፋ በግ ልገዛ ሰንበቴ ገበያ ወርጄ እዚያው መሀሉ ላይ ወድቄያለሁ። አንድ የአፋር ነጋዴ በሽርጡ ፀሐይ እየከለለልኝ ውሃ ሲረጩብኝ ነው የነቃሁት። ደሴ ያለው ሐኪም ምርመራውን አይቶ፣ የልብሽ ምት የተዛባ ነው፣ ይህን መድኃኒት እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ ትወስጃለሽ አለኝ። ያንን መድኃኒት ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። እና የለም አስብዬ ፈርሜ መጣሁ።

ባለቤቴ ከመስጊድ ሲመለስ ወረቀቱን አሳየሁት።

"አልጠየቀችሽም?" አለኝ።

"ጠይቃኛለች።"

"ምን አልሻት?"

"አልሐምዱሊላህ አልኳት።"

"ታዲያ ልጅቷ ምን ትጻፍ?"

መዋሸቴ አልነበረም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። እኛ አገር እንዴት ነሽ ለሚል መልሱ አንድ ነው። በኦሮምኛ "አካም ጅርታ" ቢሉህ "ነጋ"፣ ሰላም ነው፤ በአማርኛም አልሐምዱሊላህ ነው። ትኩሳት አልጋ ላይ የጣለው ሰው እንኳ ሊጠይቁት ለገቡት አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ሕመሙን መዘርዘር አላህን ማማረር ይመስላል። ልጅቷ ቀና ብላ በዚያ ለዛ ስትጠይቀኝ ሰላምታ መሰለኝ። ቅጹ እየጠየቀኝ እንደሆነ አላሰብኩም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀ። "ቅሬ ይሻልሽ ነበር" አለ። እውነቱን ነው። ቅሬያችን ሰው ሲሞት አፈር ያለብሳል፣ ለቅሶ ቤቱን ያበላል፤ አባል ሲያደርግህ ግን ጤናህን አይጠይቅም፣ ምክንያቱም ያውቀዋል። እኔ ያን ቀን ከሰንበቴ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ከሚሴ ገብቶ ነበር። ጎረቤቱ ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል፣ የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር ቀስ ብሎ ነው የሚነዳኝ። የማያውቁት ያ ኮምፒውተርና ልጄ ብቻ ናቸው።

ለልጄ አልነገርናትም። በሰው አገር ላለ ክፉ ወሬ አይላክም፤ እናት አባቱ የሞተበት እንኳ አገሩ ገብቶ፣ ዘመድ ከብቦት ነው መርዶ የሚሰማው። መርከብ ላይ፣ ማን አቅፏት፣ ምን ልታደርግ እንነግራታለን ብለን ተማክረን ነው ዝም ያልነው። አሁን ወረቀቱን ላስተካክል ብል ደግሞ የተስተካከለው በዋስነቷ ለእሷም ይደርሳታል።

"ተይው" አለኝ ባለቤቴ፣ ሳቁን ትቶ። "ሰባት ቀን ነው። ሁለት ዓመት ያቆየሽ አላህ ሰባት ቀን ያሳጣሻል? ዱአ እናስደርጋለን።"

ዱአውን እኔም አምንበታለሁ። ግን ሄሊኮፕተሩ ከመጣ የምትከፍለው ልጄ ናት፤ አንሶላ ስታጥብ ያጠራቀመችውን ሁሉ አስረክባ አይበቃም። የማስበው ይሄንን ብቻ ሆነ። ሽሮ ስበጠብጥ አስበዋለሁ፣ ሶላት ላይ ቆሜ ረከዓ እስኪጠፋኝ አስበዋለሁ። ልቤ አንድ ምት በዘለለ ቁጥር፣ ይሄ ባሕር መሀል ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ፤ ቤቴ ተቀምጬ መርከብ ላይ ታመምኩ። እንዲህም ሆኖ ወረቀቱን ለመመለስ አምስት ቀን ፈጀብኝ፣ ምክንያቱም እውነቱን ብናገር ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። ልጄን ሳላያት እንዳልሞት ነው የፈራሁት፤ ሌላ ነገር የለውም።

በስድስተኛው ቀን ፎቁን ወጣሁ። የመድኃኒቱን ካርቶን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት።

ልጅቷ ካርቶኑን አገላበጠችው። "ማዘር፣ ዝም ቢሉ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።"

"ስወድቅ አንቺ ልትከፍይልኝ ነው?" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ቆጣ ብሎ ወጣ፤ ወዲያው አዘንኩላት። አስተካክላ ላከችው።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ዋጋው ጨምሯል። ተቀብለውኛል፤ እግሬ ቢሰበር፣ ሆዴ ቢታወክ፣ ሻንጣዬ ቢጠፋ ይከፍላሉ። ልብንና ከልብ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ግን አይከፍሉም። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ እሱን አውጥተው የማልፈራውን ሁሉ ሸጡልኝ። ልብንም የሚጨምር አለ ወይ አልኳት። አለ አለችና ዋጋውን ነገረችኝ፤ በዚያ ሰንበቴ ላይ ሁለት ግመል ይገዛል።

"የትኛውን ላድርግልዎት?" አለች።

"ላስብበት።"

"እሺ። ለልጅዎም ልኬላቸዋለሁ፣ ዋስ ስለሆኑ።"

እንደሚደርሳት አውቃለሁ፤ ግን ሳልነግራት ቀድሞኝ ይደርሳል አላልኩም። በራሴ አፍ፣ አለሳልሼ፣ ጁምዓ ስትደውል ልነግራት ነበር ሐሳቤ።

ልጄ በማግስቱ ደወለች፤ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ደውላ አታውቅም። ባለቤቴ አጠገቤ ነበርና ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ከጀርባዋ የማጠቢያው ማሽን ይጮኻል።

ሰላምታ አልሰጠችኝም። "እማዬ፣ ወረቀቱ ላይ ልብ የሚለው ምንድን ነው?"

"ቀላል ነገር ነው። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

መዋሸት አልቻልኩም። "ሁለት ዓመት ሆነው።"

ማሽኑ ብቻ ይሰማኛል። የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

"በየጁምዓው እየደወልኩ እጠይቅሽ ነበር" አለች።

"እንዳትጨነቂ ብለን ነው የኔ ልጅ። ብቻሽን በሰው አገር..."

"እማዬ፣ እኔ ያልመጣሁት ደህና ነን ስላላችሁኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ እረፍት ወጥቻለሁ። ሁለቴ። ብትነግሪኝ ያን ጊዜውኑ እመጣ ነበር።"

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አላፈርኩም። እሷን ለማየት ባሕር ልሻገር፣ ግመል የሚያህል ገንዘብ ላወጣ ስንቆራጠጥ፣ ሁለት ጊዜ ከደጃፌ የመለስኳት እኔው ነኝ። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሷም ሰማችኝ።

"መርከብ ላይ አትወጪም" አለች። "እኔ እመጣለሁ።"

"ዕድሉስ? የከፈልሽውስ?"

"ይቅር።"

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። "መቼ ትመጫለሽ?" አላት።

"ኮንትራቱ ሲያልቅ አባዬ። ከዚያ በፊት አይለቁኝም። አራት ወር ቀርቶታል፣ ኢንሻአላህ።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብቄያታለሁ፤ እንደዚህ አራት ወር ያስፈራኝ ግን የለም።