አባቴ እስኪታረቀኝ

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ሳወራ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ይኼን ነገር ለሰው ልናገር ሞክሬ መሀል ላይ እየቀረብኝ ስላስቸገረኝ ነው ልጽፈው የተነሳሁት።

ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በጥርባ በኩል ነው። አባቴ ገብስና ድንች ያርስ ነበር፤ በቀረው መሬት ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስል ነበር። ወታደር መሆኔን እንደምንም ችሎት ነበር። ለእረፍት መጥቼ ለአየር ወለድ ሥልጠና መመረጤን ግን ለእሱ ለመንገር አፈርኩና ለእናቴ ነገርኳት። እሷ እራት ላይ ነገረችው። ከአውሮፕላን መዝለል ምን እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቃት እንጂ ወደ እኔ አልዞረም። መጨረሻ ላይ፣ «መሬት አንሷት ነው?» አለ።

ልጅ ከቤት ርቆ ሲሄድ የአባቱን ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው የሚወጣው። እኔ በምሄድበት ጠዋት አባቴ ፈረሱን ጭኖ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ወጥቶ ነበር። ዕለቱ የገበያ ቀን አልነበረም። ጎረቤት መረቀኝ፣ እናቴ መረቀችኝ፣ እንዲሁ ሄድኩ።

ከሥልጠናው ቦታ እሑድ እሑድ እደውላለሁ። እናቴ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ትጠብቀኛለች። አባቴን አቅርቢልኝ ስላት እምቢ አለ ትለኛለች። በሌላውም እሑድ እንደዚያው። ሥልጠናውን ጨርሰሽ ስትመጪ ይታረቅሻል አለችኝ። ያንን ያዝኩ። በጎኔ ወድቄ መንከባለል ስማር፣ ከመለማመጃው ማማ ላይ በገመድ ስወረወር፣ ጉልበቴ አብጦ ሳነክስ፣ የማስበው ጨርሼ እሱ ፊት መቆሜን ብቻ ነበር።

ከአውሮፕላኑ ስንወጣ ፓራሹቱ እስኪከፈት ጮክ ብለን መቁጠር አለብን። እኔ ድምፄ አይወጣም። አሠልጣኛችን ሁሉም ፊት ያሾፍብኝ ነበር። «አንቺ የአገው ልጅ፣ ቁጥሩን ለራስሽ ብቻ ነው የምትነግሪው? ፓራሹቱም ይስማ እንጂ!» ሲል ሰልፉ ሁሉ ይስቃል።

ሌላው የተማርነው ነገር፣ ማንም የራሱን ጀርባ አያይም። የእኔን ፓራሹት ማሰሪያ የምታየው ከኋላዬ ያለችው ናት፤ ደህና ከሆነ ትከሻዬን መታ ታደርገኛለች፣ እኔም ከፊቴ ላለችው እንዲሁ። ከኋላዬ የነበረችው የዳንግላ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ነጋዴዎች፣ እስላሞች ናቸው። በመጀመሪያው የዝላይ ቀን አውሮፕላኑ ውስጥ ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትለው ነገር አላት። እኔ የለኝም። የምጾመው ቤቱ ስለሚጾም፣ ቤተ ክርስቲያን የምሳለመው መንገዴ ላይ ስለሆነ ነበር። ለራሴ ብዬ የለመንኩት ነገር አልነበረም።

ተነስተን ፓራሹቱን የሚከፍተውን ገመዳችንን ከጣሪያው ሥር በተዘረጋው ሽቦ ላይ አያያዝን። ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። በሩ ላይ ስደርስ ንፋሱ ፊቴን ገፋው፤ ሳላውቀው ወጥቻለሁ። ቁጥሩ ጠፋኝ። በሕይወቴ ጮሄ የማላውቀውን ያህል፣ «አምላኬ፣ የአባቴን ልብ አራራልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ትከሻዬን የሆነ ነገር ወደ ላይ ጎተተኝ። ከዚያ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደሄደ አላውቅም። ከታች ከመንደሩ የውሻ ድምፅ ይሰማኛል። ማሰሪያው እንደያዘኝ አውቃለሁ፤ ግን ማሰሪያው ብቻ አልነበረም። አንድ የሚሰማ አለ፣ ሰምቶኛል፣ አልኩ። መሬት እስክደርስ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ በዘለልኩ ቁጥር የጮህኩት ያንኑ ነው። ካምፑ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የንስሐ አባት ያዝኩ፤ ማንም ሳያዘኝ።

ሥልጠናውን ጨርሼ የክንፉ አርማ ደረቴ ላይ በተደረገልኝ ዕለት ለእናቴ ደወልኩ። አለቀሰች። በደስታ ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ።

እንጅባራ ስወርድ የአባቴ ወንድም መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። በባጃጅ ከተማ ውስጥ ወዳለው ቤቱ ወሰደኝና መንገድ አድክሞሻል፣ እዚህ እደሪ አለኝ። ስለ ዝላዩ ብዙ ጠየቀኝ፤ መልሴን ግን የሚሰማ አይመስልም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል በድምፅ ነቃሁ። በመስኮት ሳይ ግቢው ጋቢ በለበሱ ትልልቅ ሰዎች ተሞልቷል፤ የሰፈራችን ቄስም አሉ። አባት ከልጁ ሲጣላ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ነው የሚያስታርቅ። አባቴ ሽማግሌ ልኮልኛል አልኩ። መርዶም እንዲሁ በንጋት፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ትዝ አላለኝም። የደንብ ልብሴን ለበስኩ፣ አርማውን በእጄ ወለወልኩ፣ እየሳቅኩ ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ የእያንዳንዳቸውን ጉልበት ሳምኩ። እየሳምኩ አባቴን በመሀላቸው እፈልጋለሁ። የከለከለኝ የለም። ቄሱ ጉልበታቸውን ስስም ፊታቸውን አዞሩ።

«አባቴስ?» አልኩ።

አጎቴ «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ሳልቀመጥ አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸች።

አባቴ ታሞ የሞተው እኔ ገና ማማው ላይ ስለማመድ ነው። ተዝካሩም ወጥቶ ነበር። ሐዘን የያዘው ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ይቺ ልጅ ከሰማይ ላይ ምን ይይዛታል ብሎ፣ ጨርሳ እስክትመጣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ያስማለው አጎቴ ነው። አባቴ ድሮም ስልክ እምቢ ብሎኝ ስለነበር ዝም ማለቱ አላስጠረጠረኝም። አኩርፎኛል እያልኩ የሞተ ሰው ልብ እንዲራራልኝ ስጮህ ከርሜያለሁ።

እናቴ ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአገውኛ ነው የምታወራ። በእነዚያ እሑዶች ግን አማርኛ ነበር የምታወራኝ፤ ሰው አጠገቧ አለ ብዬ አልፌዋለሁ። በአገውኛ መዋሸት አፌ እምቢ አለኝ አለችኝ። ሲሞት ጠርቶኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልጠራሽም፣ አንደበቱ ተይዞ ነበር አለችኝ። ይኼን የነገረችኝ በአገውኛ ነው።

እግዚአብሔርንም አኮረፍኩት። መቃብሩ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። እንደ ወታደር ሰላምታ ልስጥ ወይስ ጉልበት ልሳም አላውቅም፤ አፈሩን ሳምኩት። ከዚያ አንድ ጠዋት ከእናቴ ጋር ድንች ስንቆፍር፣ ሳላስበው ያንኑ ጸሎት እያልኩ ነበር። ለሞተ ሰው ልብ መራራት ይኑር አይኑር አላውቅም። ነገር ግን እዚያ በሩ ላይ የጠራሁት እንደሰማኝ አልተጠራጠርኩም። ስልኩ ላይ ያሉት ናቸው የዋሹኝ፣ አምላኬ ምንም አላለኝም። ጸሎቱን አልተውኩትም። ሆዴ ግን አልሻረም።

ወደ ጦሩ ስመለስ እናቴ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ። ከእንግዲህ የሆነውን ሁሉ በዕለቱ እንደምትነግሪኝ ማይልኝ አልኳት። ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ፤ እጇ ከአንገቴ ላይ ቆየ። ረዳቱ ግቡ ግቡ ይላል።

«እኔም ብሞት ዘለሽ ሳትጨርሺ አይነግሩሽም፤ አደራ ብያቸዋለሁ» አለችኝ። «በይ ግቢ፣ ወንበሩ ሳይያዝብሽ።»