ድመቷን ያንቀጠቀጣት
በዚያ ቀን ሐይቅ ከተማ በሚገኘው ቤቴ ከእኔ ሌላ አራት ነፍስ ነበር፤ ከውጫሌ ተፈናቅለው የተጠጉኝ እትዬ ዘይነባ፣ ልጃቸው ሰዒድ፣ ሚስቱ ከድጃ፣ እንዲሁም እትዬ ዘይነባ በቅርጫት አቅፈው ያመጧት ድመት። ጦርነቱ ወደ እኛ በተቃረበበት ሰሞን ነው። እስካሁን ሙሉውን ለማንም ያላወራሁት፣ የሆነው ነገር ለራሴም በቅጡ ስላልገባኝ ነው።

ቤቱን ቁንጫ ወረረው። እትዬ ዘይነባ በእኛ የመጣ ነው ብለው አፈሩ። ሰዒድ ግን፣ «መምህር፣ ይተዉዋቸው እንጂ፤ እነሱም ከውጫሌ የተፈናቀሉ ናቸው» ብሎ አሳቀን።

ፍሊት ገዛሁ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን በመነጽር አነበብሁ። መርዙ ፓይሬትሮይድ ከሚባሉት፣ የአበባን መርዝ አስመስለው ከተሠሩት ወገን ነው። እንደ ታዘዘው ምግብና ውሃውን ከድኜ፣ ሁሉንም ወደ ደጅ አስወጥቼ፣ አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ወለሉን ረጨሁ፤ መስኮቱንም ከፈትሁ። ድመቷ ወለሉ ሳይደርቅ በመስኮቱ ዘልላ ገባች። መዳፏን ስትልስ አገኘናት።

ከቀትር በኋላ ከውጫሌ አቅጣጫ ከባድ መሣሪያ ያጓራ ጀመር። ድመቷም ወዲያው ተንቀጠቀጠች፤ ለሃጯ ተዝረበረበ።

«ፈርታ ነው» አለች ከድጃ።

«ሁላችንም ፈርተናል፤ ማን ለሃጩን አዝረበረበ?» አለ ሰዒድ።

እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ ዞሩ። «መድኃኒቱ ይሆን፣ መምህር?»

«አላውቅም» አልኋቸው። መመሪያው ከሰው ሌላ ስለ ዓሣና ስለ ንብ እንጂ ስለ ድመት አይልም ነበር።

ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠብናት። በፎጣ ጠቅልለናት ሳንጨርስ ጎረቤት ተጣራ፤ ሸሺዎችን የጫነ ሚኒባስ ወደ ደሴ ሊነሣ ነው። እኔ መጻሕፍቴን ትቼ አልሄድም ብዬ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከቤታቸው የተረፈቻቸውን ድመት «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ» ብለው ከነፎጣዋ እጄ ላይ አኖሯት።

«መንገድ ላይ ትሞትብኛለች። አደራ፣ መምህር።»

በማግስቱ ወተት ጠጣች። መንገድ ከተከፈተ በኋላ የጠየቅሁት የእንስሳት ሐኪም፣ የሰው ገላ ቶሎ የሚያስወግደውን ይህን መርዝ የድመት ገላ እንደማይችለው አስረዳኝ። አመንሁት። ነገር ግን ቤቴን ከዚያ ወዲህ ፍሊት ሳይነካው፣ ዛሬም ከባድ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ ያንኑ መንቀጥቀጥ ትንቀጠቀጣለች። እኔም በፎጣዋ እጠቀልላታለሁ።

ስለ እነ እትዬ ዘይነባ በደሴም በውጫሌም ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም። ቢመጡ አደራቸውን እመልሳለሁ፤ «መድኃኒቱ ይሆን?» ብለው ዳግም ቢጠይቁኝ ግን ሐኪሙ ያለኝንም፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ የማየውንም እነግራቸዋለሁ። በዚያ ቀን ከነበርነው አምስት ነፍስ በዚህ ቤት የቀረነው ሁለት ነን።