ለሥዕሉ ሰውዬ የተነገረ መርዶ

አጎቴ አገር ቤት ጋዜጠኛ ነበሩ። እዚህ በስደት ፌርፋክስ ሰፈር ደግሞ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሳሎናቸው ውስጥ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር፣ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ደጅ አውጥተው በሚሸጡበት ያርድ ሴል ላይ ያገኙት አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጋዜጠኛ ነው፤ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ጋዜጣ የያዘ የተከበረ ፈረንጅ። «አለቃዬ ናቸው» ይሉን ነበር።

በሰፈሩ ውስጥ፣ አገር ቤት ዘመድ የሞተበት ሰው ካለ፣ መርዶ እንዲያረዱ የሚለመኑት እሳቸው ነበሩ። ታዲያ ወዲያው አይሄዱም፤ ስልክ ደውለው ያጣራሉ። «ከሁለት ሰው ሳልሰማ የማንንም በር አላንኳኳም» ይላሉ። ከዚያ ሥዕሉ ፊት ቆመው ከረባታቸውን ያስተካክሉና «ከሁለት ሰው አረጋግጫለሁ፣ ጌታዬ» ብለው በማለዳ ይወጣሉ። እኔ እስቅ ነበር።

በቀደም ሎንግ ቢች አንዲት አሮጊት ከምንከባከብበት ሥራ ስወጣ ከሆስፒታል ተደውሎ አጎቴ ማረፋቸው ተነገረኝ። አላለቀስኩም። ደክሞኝም ይሆናል፤ ደግሞም የሰማሁት ከአንድ ሰው ብቻ ነው። በማግስቱ ማለዳ የአጎቴ የልብ ጓደኛ ነጠላ አዘቅዝቀው በሬን አንኳኩ። ገና ሳይናገሩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ለቅሶው ሲያልቅ የአጎቴን ቤት ለአከራዩ ላስረክብ ሄድኩ። ዕቃው ሁሉ ወጥቷል፤ የቀረው ግድግዳው ላይ የሥዕሉ ሰውዬ ብቻ ነው፣ ጋዜጣውን እንደያዘ። አብረው ለኖሩት አለቃቸው መርዶ የነገራቸው እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ሻሼን አስተካክዬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ከሁለት ሰው አረጋግጫለሁ፣ ጌታዬ» አልኳቸው።