ድምፄን ያቃናው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ ስመለስ ታክሲው ውስጥ አዲስ ዘፈን ተከፍቶ ነበር። የልጅቱ ድምፅ ከላይ እስከ ታች ልስልስ ያለ ነው፤ ትንፋሽ እንኳ አይሰማባትም። ተሳፋሪው ራሱን ይወዘውዛል። እኔ ግን ጆሮዬን አቁሜ "የቱ ጋ ይሆን ድምፅዋን በማሽን የነኩት?" እያልኩ እፈልጋለሁ። ይህ ጥርጣሬ የያዘኝ በወጣትነቴ ነው።

ያኔ ሲዲ ካሴትን ከገበያ እያስወጣ ነበር። እኔ የድብ ባሕር ልጅ ነኝ፤ ጎንደር አክስቴ ቤት እየኖርኩ ሠርግ ላይ እዘፍን ነበር። በጥር ከዳስ ዳስ ስዞር ጉሮሮዬ ይሻክራል፤ ሰው ግን ሻካራነቱንም ይወድልኝ ነበር መሰለኝ። እዚያው ጎንደር አራዳ ከጨርቅ ሱቆቹ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ሚኪያስ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ስቱዲዮ ሲከፍት፣ አንድ ዘፈን ልቀዳ ሄድኩ። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ዝንጅብል በማር እየጠጣሁ ቀዳሁ።

በሳምንቱ ጠርቶ አሰማኝ።

"ይች ማን ናት?" አልኩት።

"አንቺ ነሻ!" ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ከእኔ በፊት ሌላ ዘፋኝ ከዚያው ክፍል ስትወጣ አይቻለሁ። የእሷን ድምፅ ቀጥሎብኝ ቢሆንስ? ሲዲውን ይዤ ድብ ባሕር አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ክረምቱ ወጥቶ ነበር፤ መንገዱ ዳር ሴቶች የባቄላ እሸት ይሸጣሉ፣ የገብሱ ማሳ ገና አረንጓዴ ነው። እኔ ግን እሸቱም አላማረኝም።

ሲዲው በወንድሜ ሻይ ቤት ተከፈተ። አባቴ ብርጭቆውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"ሸጋ ድምፅ ነው" አለ። "የማን ልጅ ናት?"

"አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ።"

"ምነው ልጄ! ያንችንማ አውቀው የለም? አንች እንጉርጉሮው ላይ ስትደርሽ ልትወድቂ ትይና መልሰሽ ትነሻለሽ። ይች አትወድቅም።"

ወንድሜ ሳቀ፤ እኔ እንባዬ መጣ። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለስኩና ሚኪያስን ገና ከበሩ ጀመርኩት።

"የማንን ድምፅ ነው የቀጠልክብኝ?"

አልተቆጣም። ወንበር ሰጠኝና መጀመሪያ የቀዳሁትን፣ ምንም ያልተነካውን ከፈተልኝ። እኔው ነበርኩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ከክራሩ ዝቅ ብሎ ይጎረብጣል፤ ጉንፋኑ ነው። አፈርኩ። ከዚያ ስክሪኑን አሳየኝ። ድምፄ እንደ ተራራ መንገድ የሚጠማዘዝ መስመር ሆኖ ተስሏል። አንድ ነገር ሲጫን መስመሩ ደረጃ ደረጃ ሆነ።

"ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፒያኖን ድምፆች ብቻ ነው" አለኝ። "በመሀል የምትንሸራተቺውን ሁሉ ስህተት ይመስለዋል።"

"ታዲያ አንተስ ስህተት መሰለህ?"

"አጥርቼ አልሰማሁትም" አለ።

"ሦስተኛውን ስንኝ እንዳቃናኸው ተወው። ሌላውን መልስልኝ።"

"ገዢ ላይወደው ይችላል።"

"አይውደደው።"

እንዳለውም ብዙ አልተሸጠም። አባቴ ግን አዲሱን ሲሰማ ገና ከመነሻው "አሁን መጣሽ!" አለ። ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ ደግሞ እጁን አንስቶ "ይችማ ከሁሉም ትበልጣለች" አለኝ። ደነገጥኩ።

"እሱን እኮ ኮምፒውተሩ ነው ያቃናው፣ አባዬ። ታምሜ ነበር።"

"እና መድኃኒት ነዋ!" አለና ሻዩን ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ደፍሬ አልሰድበውም፤ አላምነውምም። ድምፅን ከሕመሙ ያድናል፤ ከጠባዩም ሊያድነው ይሞክራል። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ከሌለ ማን ይከለክለዋል?

ትናንት የወንድሜ ልጅ የቀዳችውን በስልኳ አሰማችኝ። መሀል ላይ ድምፅዋ ስንጥቅ የሚልበት ቦታ አለ። "ይችን ላስተካክላት ወይስ ልተዋት?" አለችኝ። ደጋግሜ ሰማሁት። ስህተት ይሁን ራሷ ትሁን መለየት አቃተኝ። እሷም ገና ልጅ ናት፤ አታውቀውም። "ቆይ፣ አትቸኩይ" ብያት ስልኩን መልሼ ሰጠኋት።